«ማርቆስን፣ ምንም አያመኝም!»

በእኛ አገር በራሱ የማይተማመን ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከደብረ ማርቆስ እስከ ሉማሜ፣ ከአማኑኤል እስከ ቢቸና ብትዞሩ፣ ስለ ጤፍ ዘር፣ ስለ ድንበር ሙግት፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ጋብቻ ተጠይቆ «እኔ እንጃ» የሚል ካገኛችሁ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ እንቅልፍ ይዞታል። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ከሁላችንም ይብሳል። ስለ በሽታው ሐኪሙን ቁጭ አድርጎ ያስተምራል። የትኛው እንጀራ ስኳር እንደሚያወጣ፣ የትኛው ቅጠል እንደሚያወርድ፣ ኢንሱሊንን «አንዴ ከጀመሩት እንደማይለቅ» በዝርዝር ያስረዳችኋል። ወሬው የሚቀዘቅዘው «እስቲ እግርዎን ያሳዩኝ» ሲሉት ብቻ ነው። «እግሬን? እግሬማ ደህና ነው። ማርቆስን፣ ምንም አያመኝም!»

መሐላው እውነት ነው። አያመውም። ጉዱም እዚሁ ላይ ነው።

ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቭን ይጎዳል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚጎዱት ረጃጅሞቹ ነርቮች ስለሆኑ ጣጣው ከእግር ጣት ይጀምራል። አንዳንዱን መጀመሪያ ያቃጥለዋል። ሌሊት ብርድ ልብስ ይከብዳል፤ በዚያ በማርቆስ ብርድ እግሩን ከአልጋው አውጥቶ ሲሚንቶ ላይ የሚያሳርፍ ሰው አለ። ይወርረዋል፣ ይወጋዋል፣ ይነዝረዋል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ይጨነቃል፤ ሐኪም ይጠይቃል፤ አብሽ በጥብጦ ይጠጣል፤ ሽፈራው ያፈላል። ከዚያ አንድ ሰሞን ማቃጠሉ ቀለል ይላል፤ ቆይቶም ጭራሹን ይጠፋል። ቤቱ ደስታ በደስታ ይሆናል። ጎረቤት ይጠራል፤ «ሽፈራው ፍቱን ነው ያልኩህን አየህ!» ይባላል፤ የቅጠሉ ዝና እስከ ደጀን ይደርሳል። ማንም ያልጠረጠረው ነገር ቢኖር፣ ማቃጠሉ የቆመው ነርቩ ሞቶ ሊሆን እንደሚችል ነው። ለቅሶ መቀመጥ ሲገባን ቡና እናፈላለን።

ፖል ብራንድ የተባሉ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በህንድ ቬሎር የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክሙ ይህን ነገር አስተውለው ነበር። የሰዎቹ ጣት የሚያልቀው በሽታው ስለሚበላው ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ እሳቸው ግን የሚያልቀው ሕመም ስለማይሰማቸው፣ ሲቃጠሉም ሲቆረጡም ስለማያውቁት መሆኑን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ አሜሪካው ካርቪል ሆስፒታል ሲዛወሩም ያንኑ እውቀት ስሜቱን ላጣ የስኳር ሕሙማን እግር አዋሉት። ብራንድ ሕመም የሚሰማው ሰው ዕድለኛ ነው ይሉ ነበር። ይህን አባባል በላይ ዘለቀን ባበቀለ አገር ማስረዳት እንዴት እንደሚከብድ አስቡት። እሾህ ወጋኝ ብሎ «ኡፍ» ያለ ጎልማሳ ለዓመት መሳቂያ በሚሆንበት ቀዬ፣ እሾህ ተሰክቶበት ሳያውቅ የዋለው ሰው ጀግና ቢባል ምን ይገርማል?

አንድ ጡረታ የወጡ ጋሼ አውቃለሁ። የሣጥን ቁልፍ ጠፋባቸው። ቤት ምድሩ ተፈተሸ፤ ሠራተኛዋ ተጠረጠረች፤ የልጅ ልጃቸው ተገሠጸ፤ ጧፍ ተሳሉ። ማታ ጫማቸውን ሲያወልቁ ቁልፉ ከውስጡ ዱብ አለ። ሙሉ ቀን ረግጠውት ውለዋል። የቁልፉ ጥርስ ካልሲው ላይ በደም ታትሟል። ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «ተመስገን፣ ተገኘ!» አለ። ጋሼም ኩራት እየተሰማቸው «አያችሁ? ገበያ ደርሼ ስመለስ እንኳ ምንም አልተሰማኝም» አሉ። በጦር ሜዳ ቢሆን ሽልማት ያሰጣል። በስኳር ሕመም ግን ቁስሉ ለሁለት ወር አልጋ ላይ አዋላቸው።

ሌላም አለ። በክረምት ማታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እግራቸውን ወደ ከሰሉ ዘርግተው ሲጨዋወቱ «ምን ይሸታል? ማነው ጨርቅ የሚያቃጥል?» ብለው የሚቆጡ አባወራ አሉ። የሚሸተው የራሳቸው ካልሲ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ መተማመን ቢለካስ? እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ አንድ መጠይቅ ለንባብ በቅቶ ነበር፤ የስኳር ታማሚ እግሩን ለመንከባከብ ምን ያህል በራሱ እንደሚተማመን የሚለካ ነው። ጥያቄዎቹ 12 ናቸው። ለእያንዳንዱ «ፈጽሞ አልተማመንም» ከሚለው እስከ «በጣም እተማመናለሁ» ድረስ አምስት ደረጃ ተቀምጧል። የሐሳቡ አባት አልበርት ባንዱራ የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቅ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 እንደጻፉት፣ ሰው አንድን ነገር የሚጀምረውም የሚጸናበትም «እችለዋለሁ» ብሎ ሲያምን ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ባንዱራ ግን የእኛን ሰው አያውቁትም ነበር። እስቲ መጠይቁን ይዘን ከአንዲት ነርስ ጋር ወደ አንድ የማርቆስ ግቢ እንግባ።

«አባባ፣ ባያምዎትም እንኳ በየቀኑ እግርዎን ማየት ይችላሉ?»

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ፤ ዓይኔ እኮ ደህና ነው።» አምስት።

«ከታጠቡ በኋላስ በጣቶችዎ መሃል በደንብ ማድረቅ?»

«ይኸ ምን ያቅታል?» አምስት። ፎጣው የት እንደተሰቀለ የሚያውቁት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው።

«እግርዎን ከመንከርዎ በፊት የውሃውን ሙቀት መለካትስ?»

«ነካ አድርጌ አየዋለሁ።»

«በምንዎ?»

«በእግሬ ነዋ!» አምስት።

«ጥፍርዎን ቀጥ አድርገው መቁረጥስ?»

«በምላጭ ነው የምቆርጠው። እጄ እንደሆነ አይንቀጠቀጥም።» አምስት።

«ጫማ ከማድረግዎ በፊት ውስጡን መፈተሽስ?»

«የገዛ ጫማዬን? ምን ሰርቆኝ?» አምስት።

«ለእግርዎ የሚስማማ ጫማ መርጦ መግዛትስ?»

«እኔን በጫማ የሚያታልል ነጋዴ አልተወለደም።» አምስት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ድምሩ 60 ከ60 ይሆናል። ነርሷ ወረቀቱን አጥፋ «በሉ እንግዲህ ካልሲዎን ያውልቁልኝ» ስትል ግን አባባ እግራቸውን ከወንበሩ ሥር ይሰበስባሉ። «አይ፣ እሱ እንኳ ለሌላ ቀን ይሁን። ዛሬ አልታጠብኩም።»

አጠገባቸው የተቀመጡ እማማ አሉ። እሳቸው ለአብዛኛው ጥያቄ የመለሱት «አይ ልጄ፣ እኔ ምን አውቃለሁ» እያሉ ነው። ጎንበስ ማለት ወገባቸው አይፈቅድም፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጥፍራቸውንም ራሳቸው አይቆርጡም። ግን ማታ ማታ የልጅ ልጃቸው ቁጭ ብላ፣ በእጅ ባትሪ እያበራች፣ ውስጥ እግራቸውን ከተረከዝ እስከ ጣት ታያለች። የተሰነጠቀ ካለ ትናገራለች። በወረቀቱ የወደቁት እማማ ናቸው። እግራቸው ግን ጤነኛ ነው።

እኔ ከዚህ የምረዳው፣ መጠይቁ ክፉ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የሚሆነው። «ትችላለህ?» ተብሎ «አልችልም» ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሁላችንም እንችላለን። የማናደርገው ብቻ ነው።

የቀጠሮ ቀን የሚሆነውን እዩ። ያን ዕለት እግር ከንጋቱ ጀምሮ ይታሻል፤ ተረከዝ በድንጋይ ይፈገፈጋል፤ ቫዝሊን ይቀባል፤ አዲስ ካልሲ ከመሳቢያ ይወጣል። ኢንስፔክተር ይመጣል የተባለበት ትምህርት ቤት ይመስላል። ለሦስት ወር ያልታየ እግር በአንድ ማለዳ ሙሽራ ይሆናል። ችኩሉ ደግሞ በዚያው ማለዳ ጥፍሩን አስጠግቶ ይቆርጥና ትኩስ ቁስል ይዞ ይሄዳል።

ሐኪም ቤት ሲደርስም ያ ሁሉ ዝግጅት ከንቱ ይቀራል። የሚያየው የለማ! ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሐኪሙ ቸኩሏል። «ስኳርዎ ስንት ነው? ክኒኗን ጨምረናል። በሦስት ወር ይመለሱ።» ሰውየው በካርዱ ገብቶ በካርዱ ይወጣል፤ ከጠረጴዛው ሥር ላለው እግር ግን ካርድ አልወጣለትም። እግርን ለመመርመር የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃ፣ ሁለት ዓይንና አንዲት የናይለን ክር ናት፤ 10 ግራም ያህል ጫና የምታሳርፍ፣ ውስጥ እግር ላይ ነካ ተደርጋ «ተሰማዎት?» የሚባልባት። ጫማ አውልቁ የማይል ሐኪምና ጫማ ማውለቅ የማይወድ ታማሚ ሲገናኙ ጉብኝቱ በፍቅር ያልቃል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን እኛ እግር የማጠብ ባህል የሌለን ሰዎች አለመሆናችን ነው። እንግዳ ከመንገድ ሲገባ ውሃ ተሙቆ፣ ሳፋ ቀርቦ፣ ልጅ ጎንበስ ብሎ እግሩን የሚያጥብበት አገር ነው። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመኑን እግር ሲያጥቡ ሰልፉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያልፋል። የሌላውን እግር ለማጠብ የሚቀድመን የለም። የራስን እግር አንስቶ፣ አገላብጦ፣ በመስተዋት አይቶ «አንተ እንዴት ዋልክ?» ማለት ግን እንደ ቅብጠት ይቆጠራል። አባወራ ቢሆን «ምን ነካው፣ ሴት ሆነ እንዴ?» ይባላል። እመቤቲቱ ደግሞ የባሏንም የልጆቿንም እግር ታያለች፤ የራሷን የምታየው እንሶስላ ስትሞቅ ብቻ ነው። እንሶስላው ደግሞ ውበቱ እንዳለ ሆኖ፣ እግር መቅላቱን እስኪጠፋ ድረስ ይደብቀዋል።

ወደ ጫማው እንምጣ። ልጅ ከአሜሪካ ይልካል፤ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ውስጡ እንደልብ የሚያላውስ ስኒከር። ይህ ጫማ ዕጣ ፈንታው ይታወቃል። ከካርቶኑ ጋር አልጋ ሥር ይገባል። ለጥምቀት ይወጣል፤ ለልጅ ሠርግ ይወጣል፤ ተወልውሎ ይመለሳል። አባት በአዘቦት የሚሄዱት ጎኑ በተሰነጠቀ ኮንጎ ነው፤ ክብር ያለበት ቦታ ሲሆን ደግሞ አፍንጫው በሾለ ቆዳ ጫማ። ገበያ ወጥተው ሲገዙም ነጋዴው «ሲደረግ ይለቃል» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ያምኑታል። የደነዘዘ እግር ጫማው ሲጨመድደው ብቻ ነው «አሁን ልክ መጣ» የሚለው። ጣትን እንደልብ የሚያንቀሳቅስ ጫማ ለዚህ እግር የሰፋ ይመስለዋል። ጫማ ከሰዓት በኋላ፣ እግር ውሎ አበጥ ሲል፣ በካልሲ ተለክቶ ነው የሚገዛው። ይህን ምክር ለማን ነግሬ አወቀልኝ! ሁሉም «እኔን በጫማ?» ይለኛል።

በቤተ ክርስቲያን ጫማ ማውለቅ ሥርዓት ነው፤ እኔም እሱን ልንካ አላሰብኩም። ግን ስሜት የሌለው እግር በቅዳሴ ሰዓት ሁሉ በቀዝቃዛ ወለል ላይ፣ በቀትርም በጋለ ድንጋይ ላይ ባዶውን ሲቆም ምን እንደሚነካው አያውቅም። ንጹሕ ካልሲ ያደረገን ምእመን ከደጁ የመለሰ ቄስ እስካሁን አላየሁም። የጻድቅነት ልኩ ካልሲ ማውለቅ የመሰለን እኛው ነን።

ቁስል ብቅ ሲል ደግሞ የመተማመናችን ከፍታ ይታያል፤ ጮቄ ተራራ አጠገቡ ሜዳ ነው። መጀመሪያ የቡና ዱቄት ይነሰነስበታል። ካልደረቀ የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ተፈልቅቆ ዱቄቱ ይበተንበታል፤ ካፕሱሉ ባለፈው ዓመት ለጉንፋን ከተገዛው የተረፈ ነው። በሦስተኛው ቀን በጨው ውሃ ይዘፈዘፋል። በሳምንቱ ጎረቤት የሚያውቀው ቅባት ይመጣል። ወሩ ሲጋመስ ጣቱ ይጠቁራል፤ «አይ፣ ደም ረግቶበት ነው» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ነው መኪና የሚፈለገው፤ ከዚያ ወዲያ ነው ዘመድ የሚሰበሰበው፤ ከዚያ ወዲያ ነው «ሐኪሞቹ ቸኩለው ቆረጡት» የሚባለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። የስኳር ታማሚ በዕድሜ ዘመኑ እግሩ ላይ ቁስል የመውጣት ዕድሉ ከ19 እስከ 34 በመቶ እንደሚደርስ ይገመታል። በስኳር ሳቢያ ከሚቆረጡ እግሮችም ከመቶው ወደ 85 የሚጠጉት መነሻቸው አስቀድሞ የታየ፣ ወይም ሊታይ ይገባው የነበረ ቁስል ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ቅጠሉን ቁስል ላይ ደፍታችሁ ተኙ ለማለት አልነበረም።

ደግሞ «የእኛ ሰው አይለወጥም» የሚለኝ እንዳይመጣ። የእግርን ነገር ምሥራቅ ጎጃም ለዓለም ያስተማረበት ጊዜ አለ። በደጋው ቀይ አፈር በባዶ እግራቸው ሲያርሱ የኖሩ ገበሬዎቻችንን የሚይዘውን ዝሆኔ ታውቁታላችሁ፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። በዚሁ ዞን 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ሕክምናው ምን ነበር? እግርን መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ይህን ወዲያው የጀመሩት ሰዎች፣ ዓመቱን ከጠበቁት ይልቅ እግራቸው እየተቆጣ የሚጥላቸው ጊዜ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ። ዕለት ዕለት ያደረጉትም ሌሎች አይደሉም፤ በየጎጇቸው ያሉ፣ ሳሙናና ጫማ መግዣ የሚቸግራቸው ገበሬዎች ናቸው። እነሱ ከቻሉት፣ የከተማው ባለ ሥልጣን፣ ባለ ሱቅና ጡረተኛ መምህር የማይችልበት ምክንያት አይገባኝም። አንድ ነገር ብቻ ይለያል፦ የዝሆኔ ታማሚ እግሩን ይዘፈዝፋል፤ ስኳር ያለበት ግን መዘፍዘፍ የለበትም፤ ቆዳው ይልምበትና ይሰነጠቃል። ታጥቦ ወዲያው ማድረቅ ነው።

ባንዱራም ቢሆኑ መተማመን በመሐላ ይመጣል አላሉም። ከሁሉ የሚበልጠው ምንጩ አድርጎ ማየት ነው ብለዋል፤ ቀጥሎም ቢጤውን ሲያደርግ ማየት። ትላንት ማታ እግሩን ያየ ሰው ዛሬም ያያል። ጎረቤቱ መስተዋት ይዞ ውስጥ እግሩን ሲያይ ያየ ሰው ይስቅ ይሆናል፤ ከሳምንት በኋላ ግን መስተዋቱን ሊዋስ ይመጣል።

ስለዚህ ስኳር ያለባችሁ ጋሼዎች፣ እትዬዎች፣ አባባዎችና እማማዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የውሃውን ሙቀት በክርናችሁ ወይም በልጃችሁ እጅ ለኩ። ማታ ማታ እግራችሁን በለብታ ውሃና በሳሙና ታጠቡ፤ በጣቶቻችሁ መሃል አድርቁ፤ ተረከዙን ቫዝሊን ቀቡ፣ የጣቶቹን መሃል ተዉት። በባዶ እግር፣ በገዛ ቤታችሁም ቢሆን፣ አትሂዱ። ጫማችሁን ከማድረጋችሁ በፊት ዘቅዝቃችሁ አራግፉ፤ እጃችሁንም ሰድዳችሁ ውስጡን ዳስሱ። የአሜሪካውን ጫማ ከአልጋ ሥር አውጡት፤ ልጁ የላከው እናንተ እንድትሄዱበት ነው። ውሃ የቋጠረ፣ የተላጠ፣ የቀላ፣ የጠቆረ ነገር ካያችሁ፣ ባያማችሁም፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ ካልሲያችሁን አውልቃችሁ ግቡበት።